ጉንፋን ይዞ መሮጥ፦ ላብ ያድናል ወይስ ያባብሳል? (ደሴና ኮምቦልቻ)

የውይይቱን ክር የከፈተው ደሴ ውስጥ ማለዳ ማለዳ ከሚሮጥ ቡድን አባላት አንዱ ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ የቡድኑ ገሚስ አፍንጫው እንደተዘጋ፣ ጉሮሮው እንደሚከረክረው ጽፎ፣ በልምምዱ ጉዳይ ሰው ለሁለት መከፈሉን ያስረዳል። አንደኛው ወገን ከጃኬት ስር ላስቲክ ለብሶ ወደ ጦሳ ዳገት መውጣት፣ ጉንፋኑንም በላብ ማስወጣት ነው የሚለው። ሌላኛው ወገን ንፍጥ የጀመረው ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ እስኪሻለው ከቤት እንዳይወጣ ይመክራል። ጠያቂው ማወቅ የፈለገው ጠዋት ተነስቶ ራሱን ሲያይ በምን ምልክት እንደሚሮጥ፣ በምን ምልክት እንደሚቀር ነው። ጥያቄው ቁርጥ ያለ መልስ ይፈልጋልና ክሩ ረዘመ።

1ኛ ምላሽ። የጻፈችው ነርስ ናት፤ በኋላ ሁሉም ሲስተር እያለ ነው የሚጠራት። አብሽሩ ብላ ጀምራ፣ በስፖርት ሕክምና የታወቀውን የአንገት መለያ ታስረዳለች። ምልክቱ ንፍጥ፣ ማስነጠስ፣ የአፍንጫ መዘጋትና ቀላል የጉሮሮ መከርከር ብቻ ከሆነ ሁሉም ከአንገት በላይ ነው፤ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይፈቀዳል። ከደረት የሚመጣ ሳል፣ ሲተነፍሱ ማፈን ወይም ሲር ሲር ማለት፣ የመላ ሰውነት ቁርጥማት፣ ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ካለ ግን ነገሩ ከአንገት በታች ወርዷል፣ ልምምድ የለም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ ደግሞ ስለ አንገት መነጋገርም አያስፈልግም። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ እንዳይምታቱም ታሳስባለች፦ ጉንፋን ቀስ ብሎ ከጉሮሮ ጀምሮ ወደ አፍንጫ ይሄዳል፣ ኢንፍሉዌንዛ ግን በሰዓታት ውስጥ በትኩሳትና በቁርጥማት ሰውን አልጋ ላይ ይጥላል።

2ኛ ምላሽ። ለታመሙት ሁሉ ምሕረት ተመኝቶ፣ ሲስተር ያለችውን ተቀብሎ ያልፋል።

3ኛ ምላሽ። የሩጫ አሰልጣኝ ነው። መለያውን አይነቅፍም፤ ግን ብቻውን አይበቃም ባይ ነው። መሮጥ የፈለገ ሰው ከደረቱ የሚወጣውን ሳል ከጉሮሮዬ ነው ብሎ ራሱን ያሳምናል። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ይጠይቃል። አንዱ የጠዋት የልብ ምት ነው፦ ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ቡና ሳይቀምሱ፣ ከአውራ ጣት በታች የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አሳርፎ 60 ሰከንድ ሙሉ መቁጠር። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የ1 ምት ስህተትን ወደ 4 ያሳድጋል። በጤና ጊዜ የተመዘገበው 56 ከነበረና ዛሬ 66 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ምልክቱ አፍንጫ ላይ ብቻ ቢሆንም የዛሬው ልምምድ ይሰረዛል። ሌላው ሙቀት ነው፦ ዲጂታል ቴርሞሜትር በደረቀ ብብት ውስጥ፣ ክንድን አጥብቆ፣ እስኪጮህ ድረስ። የብብት ንባብ ከአፍ ንባብ በግማሽ ዲግሪ ገደማ ዝቅ ስለሚል 37.5 ካሳየ እንደ ትኩሳት ይያዝ። ከሩጫ ወይም ከሙቅ ሻወር በኋላ ከሆነ 30 ደቂቃ ይጠበቅ፤ ፓራሲታሞል ተውጦ ከሆነ ቁጥሩ አይታመንም። ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር ልብ በደቂቃ በግምት 10 ምት ይጨምራልና፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ገና ማሟሟቅ ሳይጀምር ልቡ ሥራ ጀምሯል።

4ኛ ምላሽ። የላብ ወገን ጠበቃ መጣ። አያቶቻችን ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ወቅጠው፣ በጋቢ ተሸፍነው፣ ላባቸውን አውጥተው ሲድኑ ኖረዋል ይላል። ሆጤ አካባቢ የሚያውቀው አንድ ወጣትም አፍንጫው እንደተዘጋ ዳገት ሮጦ በማግስቱ ድኖ መታየቱን ይጨምራል። የቴርሞሜትሩን ነገር የሰነፍ ሰበብ ብሎታል። ቃሉ ትንሽ ከረር ያለ ነበር።

5ኛ ምላሽ። ሲስተር ተመለሰች፤ በትሕትና፣ ግን ምንም ሳታለሳልስ። ላብ ውሃና ጨው ነው። ቫይረሱ ያለው በአፍንጫና በጉሮሮ ሽፋን ሴሎች ውስጥ ስለሆነ በቆዳ በኩል የሚወጣበት መንገድ የለም። የሆጤው ልጅ ለምን እንደተሻለው ግን ምክንያት አለው፦ ሰውነት ሲንቀሳቀስ የሚለቀቀው አድሬናሊን በአፍንጫ ውስጥ ያበጡትን የደም ስሮች ያጠብባቸዋልና አፍንጫ ለጊዜው ይከፈታል። ደግሞም ጉንፋን በ2ኛውና በ3ኛው ቀን በርትቶ ከዚያ በራሱ ይቀላል፤ በ3ኛው ቀን የሮጠ ሰው በማግስቱ ሩጫውን ያመሰግናል። ላስቲክ መልበስን በብርቱ ትቃወማለች። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው፤ ላስቲኩ ትነቱን ስለሚያግድ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይከማቻል፣ ላቡም በከንቱ ይፈስሳል። ከሩጫ በፊትና በኋላ ተመዝኖ 1 ኪሎ የቀነሰ ሰው 1 ሊትር ያህል ውሃ አጥቷል ማለት ነው፤ የወጣ በሽታ የለም። ፌጦውንም ዝንጅብሉንም ማንም አይከለክልም፤ ትኩስ መጠጥ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ውሃም ይተካል።

6ኛ ምላሽ። የስፖርት ሳይንስ መምህር ነው የሚመስለው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ የታተመ ጥናት ያነሳል። ወጣት በጎ ፈቃደኞች ራይኖቫይረስ የሚባለው የጉንፋን ቫይረስ በአፍንጫቸው ተሰጥቷቸው፣ 34ቱ በየሁለት ቀኑ 40 ደቂቃ ያህል በመካከለኛ ጉልበት ሲሠሩ 16ቱ አርፈዋል። የሕመሙ ክብደትም ሆነ ርዝመት በሁለቱ ቡድኖች አልተለያየም። መምህሩ ይህ ሁለቱንም ወገን የሚመለከት ነው ይላል፦ መካከለኛ እንቅስቃሴ ጉንፋንን አያባብስም፣ አያሳጥርምም። ጥናቱ የዳገት ኢንተርቫልን (በፍጥነት ሮጦ፣ ጥቂት አርፎ መደጋገምን)፣ ውድድርንና ትኩሳት ያለበትን ሰው አልፈተነም፤ ከዚያ ወዲያ መለጠጥ አይገባም። በእኔ ዕይታ ክሩ ከዚህ በኋላ በጠንካራ መሬት ላይ ቆመ።

7ኛ ምላሽ። ከኮምቦልቻ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ከ25 ኪሎ ሜትር ገደማ በማይበልጥ መንገድ ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ እንደሚወጣ ያስታውሳል። ደሴ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል አንጻር ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ጤነኛ ሰው እንኳ ለተመሳሳይ ፍጥነት በብዛት ይተነፍሳል። አፍንጫ ሲዘጋ ይህ ሁሉ ትንፋሽ በአፍ ይገባል፤ ሳይሞቅና ሳይረጥብ የገባ የማለዳ አየር ጉሮሮን አድርቆ ሳሉን ያነሳሳል። ምክሩ ጠዋት 12 ሰዓት መውጣቱን ትቶ ጉሙ ከተነሳ በኋላ 4 ሰዓት ገደማ መውጣት፣ አፍን በስስ ሻርፕ መሸፈን፣ ዳገቱን ትቶ ሜዳ ላይ መቆየት ነው። መጨረሻ ላይ የታመመ ሰው ወርዶ ኮምቦልቻ ቢሮጥ ይሻለዋል ሲል እሳት ጫረ።

8ኛ እና 9ኛ ምላሽ። የደሴው ሰው ወዲያው ተነሳ። ኮምቦልቻ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚሄዱ ከባድ መኪኖች የሚያልፉባት ከተማ ናት፤ ጢሱና አቧራው ለተቆጣ ጉሮሮ ከደሴ ብርድ የባሰ ነው ይላል። የሚቀጥለው ደግሞ ሁለቱንም ትቶ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን መንገድ ያነሳል፦ ዳገቱን በዝግታ የሚወጣ መኪና ጢሱን ሯጩ ፊት ላይ ስለሚተው፣ በአስፋልቱ ዳር መሮጥ ለታመመም ለጤነኛም አይበጅም። ክርክሩ የከተማ ፉክክር ቢመስልም የሁለቱም ነጥብ ትክክል ነው።

10ኛ ምላሽ። ከርዕሱ ወጣ። የክረምት ጫማ እንዴት እንደሚደርቅ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል፦ የውስጥ ሶሉን ማውጣት፣ አሮጌ ጋዜጣ መጠቅጠቅ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን መቀየር፤ ከሰል አጠገብ ማስጠጋት ማጣበቂያውን ያላቅቃል። ከሳልቫጅ (ያገለገለ ዕቃ) ተራ ለተገዛ ጫማ ይህ በተለይ ይሠራል ብሏል፤ ማጣበቂያው ቀድሞውንም ያረጀ ነውና።

11ኛ ምላሽ። የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ። ክሩን ወደ ቦታው የመለሰው እሱ ነው። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ያለው የሐርቡና የጨፋ ቆላ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ የወባ አገር ነው። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ትኩሳት የያዘው ሰው ጉንፋን ነው ብሎ መገመት የለበትም። ንፍጥ ሳይኖር የሚያንቀጠቅጥ ብርድ፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ላብ ከተፈራረቀ፣ ወይም ትኩሳቱ ለቀናት ጠፍቶ ከተመለሰ፣ የዚያኑ ቀን ደም መመርመር ነው። ወባም ግርሻም (እየጠፋ የሚመላለሰው ትኩሳት) በደም ምርመራ ይታያሉ። ላብ ሲመጣ ትኩሳቱ መውረዱ በወባ የተለመደ ዑደት ነው፤ በላብ ዳንኩ ብሎ በማግስቱ የሚሮጥ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የላብ ጠበቃው ለዚህ ምላሽ መልስ አልሰጠም።

12ኛ ምላሽ። ፋርማሲስት። ረጅም ነው፤ ሁለት ጊዜ ማንበብ ይበጃል። ፓራሲታሞል ለአዋቂ 500 ሚሊ ግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ነው፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። ብዙዎቹ የጉንፋን ቅይጥ ክኒኖች ራሳቸው ፓራሲታሞል አለባቸው፤ ሁለቱን ደርቦ የሚውጥ ሰው ሳያውቅ ጉበቱን ይጎዳልና የማሸጊያውን ጀርባ ማንበብ ግድ ነው። እንደ ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ ውጦ፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ ረጅም መሮጥ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። አንቲባዮቲኩ አሞክሳሲሊን ጉንፋንን አይነካም፤ ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑ ብቻውንም አንቲባዮቲክ ለመጀመር አያበቃም። ከሁሉ ይልቅ ሯጮች ያላወቁት ሲፕሮ የተባለው አንቲባዮቲክ የሚያደርሰውን ነው፦ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ ጅማትን ያዳክማሉ፣ በተለይ የተረከዙን ጅማት። በሐኪም ትእዛዝ የወሰደ ሰው ተረከዙ ላይ ሕመም ወይም እብጠት ካየ ሩጫውን አቁሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ አደጋው መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ለጉንፋን ብሎ ሲፕሮ መዋጥ ያለ ምንም ጥቅም ጅማትን አደጋ ላይ መጣል ነው። ለተዘጋ አፍንጫ የሚመክረው የጨው ውሃ ነው፦ ፈልቶ በቀዘቀዘ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ ጨው። አፍንጫ የሚከፍተው የመድኃኒት ጠብታ ግን ከ5 ቀን በላይ ሲቆይ አፍንጫውን መልሶ ይዘጋል።

13ኛ ምላሽ። በክለብ የምትሮጥ ልጅ የጉንፋን ክኒን በአበረታች ምርመራ ያስይዝ እንደሆነ ትጠይቃለች።

14ኛ ምላሽ። ፋርማሲስቱ ያስያዛል ይላታል። በብዙ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ ያለው ሱዶኤፌድሪን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው፤ ወሰኑ በ1 ሚሊ ሊትር ሽንት 150 ማይክሮ ግራም ነው። ከውድድር ቢያንስ 24 ሰዓት አስቀድሞ መቆም አለበት። ከዚህም ሌላ ልብን ስለሚያፈጥንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር፣ እሱን ወስዶ ኢንተርቫል መሥራት ለማንም አይመከርም። ክኒን ከመዋጧ በፊት ስሙን ለክለቡ ሐኪም እንድታሳይ ያሳስባታል።

15ኛ ምላሽ። የክሩ በጣም ስለታም ቃል እዚህ ነው። ሲፕሮን ያለ ማዘዣ የሚሸጡት እነማን ሆኑና ነው ፋርማሲስት የሚመክረን ብሎ ይጠይቃል።

16ኛ ምላሽ። ፋርማሲስቱ አልተቆጣም። ያለ ማዘዣ መሸጡ እንዳለ አምኖ፣ ስህተት መሆኑንም ተናግሮ፣ ገዢው ስም ጠርቶ ሲጠይቅ እምቢ የሚል ባለሙያ ሲያገኝ እንዲያመሰግነው ይለምናል። እንዲህ ያለ መልስ ውይይትን ያድናል።

17ኛ ምላሽ። ሐኪም። ስለ ልብ። አንዳንድ ቫይረሶች፣ እነ ኮክሳኪ፣ አዴኖቫይረስ፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ፣ የልብን ጡንቻ ሊያስቆጡ ይችላሉ። በኮክሳኪ ቢ3 የተያዙ አይጦች እንዲዋኙ ሲገደዱ በልባቸው ውስጥ ቫይረሱ በብዙ እጥፍ እንደተባዛ በሙከራ ታይቷል። በስዊድን ከ1979 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. በካርታና በኮምፓስ እየተመሩ በጫካ ከሚሮጡ ወጣት ስፖርተኞች መካከል 16ቱ በድንገት ሞተዋል፤ በአስከሬን ምርመራ በብዙዎቹ ላይ የልብ ጡንቻ መቆጣት ተገኝቷል። ከጉንፋን በኋላ የደረት ሕመም፣ ልብ እየዘለለች መምታት፣ ቀላል ዳገት ላይ ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ከመጣ ልምምድ ወዲያው ይቆማል፤ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ያስፈልጋል። የልብ ጡንቻ መቆጣት የተረጋገጠበት ሰው ከ3 እስከ 6 ወር ከባድ ስፖርት አይሠራም፣ የሚመለሰውም ዳግም ተመርምሮ ነው።

18ኛ ምላሽ። ሰው ማስፈራራት ይቅር የሚል ነው። ንፍጥ የያዘው ሁሉ በልብ የሚሞት አስመሰላችሁት ብሎ ቆጣ ይላል።

19ኛ ምላሽ። አሰልጣኙ ይዳኛል። ይህ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው፣ ንፍጥ ብቻ ያለውም መፍራት የለበትም፤ ግን ማን ላይ እንደሚደርስ አስቀድሞ ስለማይታወቅ በትኩሳት መሮጥ ለሁሉም ይከለከላል። ሦስት ቀን ያረፈ ሯጭ ከብቃቱ የሚያጣው ከቁጥር አይገባም። እኔም ከአሰልጣኙ ጋር ነኝ፤ የሐኪሙ ምላሽ ግን በዚህ ክር ውስጥ መቅረት አልነበረበትም።

20ኛ ምላሽ። ጂም የሚያሠራ ነው፤ አፍንጫ ብቻ ለሆነበት የክብደት ሠሪ ይጽፋል። ከተለመደው ክብደት ግማሹ፣ ከ4 ዙር ይልቅ 2፣ በዙር ከ10 እስከ 12 ድግግሞሽ። ትንፋሽን አፍኖ ማንሳት በተዘጋ አፍንጫና ጆሮ ላይ ግፊት ስለሚፈጥር ክብደቱ ሲነሳ አየር ማስወጣት ነው። ጭንቅላት ወደ ታች የሚያዘነብልበት ቤንች ግንባርን ስለሚያሳምም ይቅር። ሆኖም ከሁሉ የሚሻለው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ወደ ጂም አለመምጣት ነው፤ ብዙ የሚያስተላልፈው ያኔ ነውና። ለመሣሪያ ማጽጃ በ20 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ላይ ውሃ ተጨምሮ 1 ሊትር ይሙላ፤ በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በንጹህ ውሃ ይወልወል፣ ካልሆነ ብረቱን ያዝገዋል።

21ኛ ምላሽ። አሰልጣኙ የመመለሻውን ቅደም ተከተል ያወጣል። የሚጀመረው ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ትኩሳት ሳይኖር፣ የምግብ ፍላጎት ተመልሶ፣ የጠዋቱ ምት ከተለመደው በ5 ውስጥ ሲሆን ነው። የልምምድ ምት የሚሰላው እንዲህ ነው፦ ዕድሜው 20 ለሆነ ከፍተኛው በግምት 200፣ የዕረፍቱ 60፣ ልዩነቱ 140። የ140 ግማሽ 70 ሲሆን 60 ሲደመር 130 ይመጣል፤ በ60 በመቶ 144፣ በ70 በመቶ 158 ነው። በ1ኛው ቀን 20 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በ2ኛው 20 ደቂቃ ሶምሶማ ከ130 ሳያልፉ፣ በ3ኛው 30 ደቂቃ እስከ 144፣ በ4ኛው 40 ደቂቃ እስከ 158፣ ሁሉም ሜዳ ላይ። ዳገትና ኢንተርቫል ከ5ኛው ቀን በኋላ፣ ያውም በተለመደው ድግግሞሽ ግማሽ። በሌሊት ሳል ከተነሳ ወይም በማግስቱ ምት በ10 ከጨመረ አንድ ቀን ወደ ኋላ መመለስ ነው። ትኩሳቱ ከ3 ቀን በላይ ቆይቶ ከነበረ እያንዳንዱ ደረጃ ሁለት ሁለት ቀን ይወስዳል። ትኩሳት ሳይኖረው አፍንጫው ብቻ የተዘጋ ሰው ይህን ሁሉ አያስፈልገውም፤ 10 ደቂቃ በዝግታ ሞክሮ ከቀለለው እስከ 30 ደቂቃ ይቀጥል፣ ከከበደው በእግሩ ወደ ቤት ይመለስ።

22ኛ ምላሽ። በረመዳን ጉንፋን የያዘው ምን ያድርግ የሚል ጥያቄና መልስ አንድ ላይ። ጾሙን ስለመያዝና ቀዷ ስለማውጣት (ያመለጠውን ጾም በኋላ ስለመተካት) ኢማሙን ይጠይቅ፤ ስለ ልምምዱ ግን ከአስር ሰላት በኋላ በደረቀ ጉሮሮ መሮጥ ይቅር፣ ከአፍጥር 2 ሰዓት ያህል ቆይቶ 20 ደቂቃ ሶምሶማ ይበቃል፤ ውሃውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን እስከ ሱሁር ተከፋፍሎ ይጠጣ።

23ኛ ምላሽ። ሲስተር ስለሚቆይ ሳል። ጉንፋኑ አልፎ ደረቅ ሳል ጥቂት ጊዜ መቆየቱ የተለመደ ነው፤ እየቀነሰ ከሄደ ቀላል ሶምሶማ ይቻላል። ሳሉ በሩጫና በሌሊት ብቻ የሚነሳና ሲር ሲር የሚል ድምፅ ያለው ከሆነ አስም ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሁሉ፣ በተለይ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከተጨመረ፣ ለቲቢ አክታ ይስጥ። ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ነው። ውጤቱ እስኪደርስ ከቡድን ሩጫና መስኮቱ ከተዘጋ ጂም ይቆይ።